ጥናትና ደጅ ጥናት



እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ ከግራና፣ ከውርጌሳ፣ ከሲሪንቃና ከሐራ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ የግንቦትን ፀሐይ ችላችሁ እዚህ በመገኘታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከፋይናንስ፣ ከግዥና ከንብረት ክፍል የመጣችሁትን ደግሞ ለይቼ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ እናንተም ሥራ ስለምናገር፣ በሌላችሁበት ባወራው ሐሜት ይሆንብኝ ነበር።

በየዩኒቨርሲቲያችን «ጥናትና ምርምር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አይጠፋም። በቋንቋችን ግን ሌላም ጥናት አለ፤ ደጅ ጥናት። ድሮ ርስቱን የተነጠቀ፣ ሹመት የፈለገ፣ ፍርድ የዘገየበት ሰው ስንቁን ቋጥሮ ከጌታው ደጅ ይሰነብት ነበር። ጠዋት ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፤ ማታ ሲገባ እጅ ይነሳል። ብዙውን ቀን የሚቆመው ጉዳዩን ለመናገር ሳይሆን ለመታየት ብቻ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ከዘመድ ይበደራል፤ አገሩ ላይ ያለው እርሻው ዳዋ ይለብሳል። ደጅ ጠኚ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ብርቱ እሱ ነበር፤ ብርታቱ ግን በመጠበቅ አለቀ።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ፣ ተመራምሬአለሁ። ያለፈውን ጊዜ መለስ ብዬ ሳሰላው፣ ከሁለቱ ጥናቶች የበዛው የትኛው እንደሆነ አፌን ሞልቼ መናገር ያቅተኛል። ዛሬ የመጣሁት አንዱ ጥናት የሌላውን ዕድሜ እንዴት እንደሚበላ ለመናገር ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ወጣት ሳለሁ የምሠራበት ተቋም ለአንድ የማሽላ ሙከራ ገንዘብ ፈቀደልኝ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ስሙን መጥራት ምንም አይጨምርም። ሙከራው በምርምር ጣቢያ ሳይሆን በአርሶ አደር ማሳ ላይ እንዲሆን ነበር የታሰበው። አንድ አባት ካላቸው ሁለት ጥማድ መሬት አንዱን ሰጡኝ። በሚያዝያ አርሰው፣ በግንቦት ደግመው፣ አፈሩን አለስልሰው ጠበቁኝ። ዘሩ ተዘጋጅቷል። የመደቦቹ ንድፍ ተሠርቷል። ፕሮፖዛሉ ተገምግሞ ጸድቋል። የቀረው ማዳበሪያ፣ የቀን ሠራተኛ ክፍያና የመኪና ስምሪት ብቻ ነበር። በሰኔ አጋማሽ ወረቀቱን ሳስገባ «ሒሳብ እየተዘጋ ነው፣ ከሐምሌ አንድ በኋላ ና» ተባልኩ። ሐምሌ ሲገባ በጀቱ ገና አልተለቀቀም። በጀቱ ሲለቀቅ የቼክ ፈራሚው ተቀይሮ አዲሱ ፊርማ ባንክ ገና አልደረሰም። ፊርማው ሲደርስ መኪናው ለሌላ ጉዳይ ወጥቷል። በነሐሴ መጀመሪያ ዘሬንና ማዳበሪያዬን ይዤ ማሳው ጋ ስደርስ፣ ዙሪያውን ያለው ማሽላ ከጉልበቴ በላይ ሆኗል። በመሐል ያቺ አንዲት ጥማድ አረም ለብሳ ተኝታለች።

እኚያ አባት አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ እችለው ነበር። «ልጄ፣ ማሳዬን ጦሙን አሳደራችሁት» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። በዚያ ዓመት የግማሽ መሬታቸውን ቀለብ አጡ። እኔ በመጋቢት ሪፖርት አስገባሁ። «ሙከራው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት አልተካሄደም» የሚል አንድ መስመር ነበር። የእሳቸው ጎተራ በዚያ መስመር ውስጥ የለም።

መሬት ጦሙን አደረ ማለት በእኛ አገር ቀላል ቃል አይደለም። አባወራው ሲሞት፣ በሬው ሲሞት፣ ጦር ሲመጣ ነው መሬት ጦሙን የሚያድረው። በዚያ ዓመት ግን ሰውም በሬም አልሞተም፤ ጦርም አልመጣም። ወረቀት ዘገየ፤ ሌላ ምንም አልሆነም።

ችግሩ ከየት እንደሚነሳ ላሳያችሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት የመንግሥት በጀት በዚያ ቀን ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለደመወዝም፣ ለሕንፃ ኪራይም፣ ለጽሕፈት መሣሪያም ይህ አቆጣጠር ጉዳት የለውም። አሁን የወረዳችንን የሐብሩን ሰማይ ተመልከቱ። በልጉ ከሰመረ አርሶ አደሩ በሚያዝያ እነ ጅጉርቴንና እነ ደጋሌትን፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከከዳው፣ ደጋግሞ እንደከዳን ታውቃላችሁ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዞ የሰኔን መጨረሻና የሐምሌን መጀመሪያ ይጠብቃል። የክረምቱ ዝናብ በመስከረም ይቆረጣል። ስለዚህ የመዝሪያዋ ጊዜ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ናት። ያቺ ጊዜ የምትመጣው ካዝናው በሚዘጋበት፣ ወይም ተዘግቶ ገና ባልተከፈተበት ሰሞን ነው። አባቶቻችን ሰኔና ሰኞ ገጠመ የሚሉት የዚህን ዓይነቱን ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ ይህን የሚሉት በብዙ ዓመት አንዴ ለሚመጣ አበሳ ነው፤ የእኛ ሰኔና ሰኞ ግን በየዓመቱ ይገጥማል።

ተማሪዎች «ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቢዘራስ ምን አለበት?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ አስኳል ይህ ነው። የዝርያ ሙከራ ስንሠራ ዘሮችን ነው የምናወዳድረው። ዘሮቹን ማወዳደር የምንችለው አፈሩ፣ ማዳበሪያው፣ የተዘራበት ቀን ተመሳሳይ ሲሆን ነው። አንዱ ቦታ በሐምሌ 3፣ ሌላው በሐምሌ 25 ከተዘራ፣ በኅዳር የምንመዝነው ፍሬ የዘሩን ጠባይ አይነግረንም፤ ዝናቡ ቀድሞ መቆሙን ነው የሚነግረን። ጥሩ ዘር አበባ ላይ እያለች ውሃ ያጥራታል፣ ፍሬዋ ይኮሰምናል፣ እኛም መዝገብ ላይ «ምርታማ አይደለችም» ብለን እንጽፋለን። ለአርሶ አደሩ ትሆን የነበረች ዘር በዘገየ የግዥ መጠየቂያ ምክንያት ተፈርዶባት ትወድቃለች። ከዚህ የሚብስም አለ። ሪፖርት ማስገቢያው ቀን ደርሷል፣ ገንዘቡ መወራረድ አለበት፣ ስለዚህ ተመራማሪው የተበላሸውን መረጃ እንዳለ አስገብቶ ይገላገላል። ይህን ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደክሟቸው ነው። ስለዚህ የወረቀት ሸክም ጊዜ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ የእውቀቱንም ታማኝነት ይበላል።

አንድ ዝርያ ለአርሶ አደሩ ከመለቀቁ በፊት በተለያዩ ቦታዎች ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈተናል። አንድ ክረምት ካመለጠ ሥራው የሚዘገየው በሁለት ሳምንት ሳይሆን በሙሉ ዓመት ነው። የዶክትሬት ትምህርቱን በአራት ዓመት የሚጨርስ ወጣት ያለው አራት ክረምት ነው። አንዱን ፊርማ ሲጠብቅ ካሳለፈው የቀሩት ሦስት ናቸው።

ወረቀት እንዴት እንደሚጓዝ ለማታውቁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ መምህር ናሙና መያዣ ሃምሳ ከረጢትና አንድ ሚዛን ፈለገ እንበል። የግዥ መጠየቂያ ይሞላል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርማል፤ ዲኑ ይፈርማል፤ የምርምር ዳይሬክተሩ ያጸድቃል፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ «ለግዥ፤ ይፈጸም» ብለው ይመሩታል። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል። ግዥ ክፍል ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ይጠይቃል፤ እዚህ መርሳ ከተማ ላይ ሚዛኑ ያለው አንድ ሱቅ ቢሆንም ፕሮፎርማው ግን ሦስት ነው። የዋጋ ማወዳደሪያ ይሠራል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ከፈራሚዎቹ አንዱ ስብሰባ ከሄዱ ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ያድራል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ለቅሶ ከሄደ ከረጢቱ ተቆልፎበት ያድራል። እህሉ ግን ማሳ ላይ ነው፤ ወፉም አያድርለትም።

ከዚያ ማወራረድ አለ። ለመስክ ሥራ በስሙ ቅድመ ክፍያ የወሰደ ሰው ደረሰኝ ማቅረብ አለበት። ግራና ገበያ ላይ ገመድ የምትሸጥ እናት የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የላትም። ውሃ በአህያ ጭኖ የመጣው ልጅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ተመራማሪው ከኪሱ ይከፍላል፣ ዝም ይላል። ስንቱ የአገራችን ሙከራ በመምህራን ደመወዝ እንደተደገፈ ቢቆጠር ብዙ ሰው ይደነቅ ነበር። ካልከፈለ ደግሞ ያልተወራረደው ሒሳብ በስሙ ይቆያል፤ እስኪወራረድ ሌላ ቅድመ ክፍያ አይሰጠውም።

በእኛ አካባቢ የቦታም ነገር ይጨመርበታል። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ግብርናው መርሳ፣ ዋናው ግቢ ወልዲያ ነው፤ በመሐሉ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ግብርናው መርሳ መሆኑ ደግ ነገር ነው፤ ማሳው፣ ፍራፍሬው፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ያሉት እዚሁ ሐብሩ ውስጥ ነው። ግቢዎቹ ተበታትነው በሚገኙበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ግን፣ በአገራችን ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ፊርማ የመንገደኛ ሥራ ይሆናል። ሰላም በሆነ ቀን ሰላሳ ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ግን ለእናንተ እኔ አልነግራችሁም። ሴት ባልደረቦቼ ደግሞ ይህን ለፊርማ መመላለስ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሕፃን ጥላ የምትሄድ እናት ለአንድ ፊርማ ቀኑን ሙሉ ከቤት ብትርቅ፣ የሚቀነስባት የምርምር ሰዓቷ ነው እንጂ የማስተማሩ ክፍለ ጊዜ አይቀነስላትም። በየዓመቱ ተስፋ የተጣለባቸው ሴቶች ምርምሩን ትተው ወደ ማስተማሩ ብቻ ሲያዘነብሉ አያለሁ፤ ችሎታ አንሷቸው እንዳልሆነ እመሰክራለሁ።

ለዚህ ሁሉ «ኦንላይን ይሁን» የሚል መልስ ይሰጣል። መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት መዘርጋቱ መልካም ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለረጅም ጊዜ እንደቆየን አትርሱ። ደግሞም አሥር ፊርማ የሚፈልግ ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባ አሥር ፊርማ የሚፈልግ ኮምፒውተር ይሆናል። መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ፊርማው ነው።

ይህ ሕመም የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፌዴራል ዴሞንስትሬሽን ፓርትነርሺፕ የሚባል የዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኅብረት ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ገንዘብ ለሚሠራ ምርምር ከተመደበው ጊዜያቸው 42 በመቶው በአስተዳደር ሥራ እንደሚያልቅ ተናገሩ፤ በ2012 ያው 42 ሆነ፤ በ2018 ደግሞ 44። አውስትራሊያ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. ለአንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት ከ3700 በላይ ማመልከቻ ቀርቦ፣ እሱን ለማዘጋጀት ብቻ የተመራማሪዎች ወደ 550 የሥራ ዓመት እንደጠፋ ሳይንቲስቶች አስልተዋል። ገንዘቡን ያገኘው ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው ጉዳዩን በገለልተኛ ሰው፣ በፕሮፌሰር አደም ቲኬል አስጠንተው በ2022 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን አወጡ። ከዚያ ሪፖርት መርሆች አንዱን እኔ እጅግ እወደዋለሁ፤ ተመጣጣኝነት የሚለውን። ቁጥጥሩ ከገንዘቡ መጠንና ከአደጋው ክብደት ጋር ይመጣጠን ማለት ነው። ሃምሳ ከረጢት ለመግዛትና ሕንፃ ለማሠራት አንድ ዓይነት ደረጃ አይወጣም።

የእነሱን ቁጥር ሳነብ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እነሱ የሚቆጥሩት ሰዓት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ዛሬ ያመለጠውን ሰዓት ነገ ማታ ይመልሰዋል። በእኛ ማሳ ላይ ያመለጠ ክረምት ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የእኛን ሸክም በሰዓት ከለካነው አሳንሰን ነው የምንለካው። በየተቋሙ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ሰዓት ጠፋ?» ሳይሆን «ዘንድሮ ስንት ሙከራ ወቅቱ አለፈበት?» የሚል ነው። ይህን አንድ ቁጥር በየዓመቱ የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ ባይ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ፋይናንስና ግዥ ባልደረቦቼ ልመለስ። ወረቀቱን እናንተ አልፈጠራችሁትም፤ ያለ ምክንያትም አልተፈጠረም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ እዚህ የተቀመጡት እናቶችና አባቶች ግብር ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ ተነስተዋል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያለ ውድድር የተፈጸመ ግዥ፣ የጠፋ ንብረት። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ከመመሪያ ውጭ ቢከፍል ዕዳው በራሱ ስም ይጻፋል፤ ቢያዘገይ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔም በእሱ ወንበር ብቀመጥ ከማዘግየት በቀር ምን አደርግ ነበር? ሰውየውን ከመውቀሳችን በፊት ይህን ሚዛን እንይ። የዘገየ ክፍያ ያደረሰው ጉዳት በየትኛውም የኦዲት ሪፖርት ላይ አይጻፍም። የእኚያ አባት ማሳ ጦሙን ማደሩ የኦዲት ግኝት አልሆነም።

ሌላም እውነት አለ። ሌባ ወረቀት አያጣም። ሦስት ፕሮፎርማውን ከአንድ ሰው አስጽፎ፣ ማኅተሙን አሟልቶ፣ ፋይሉን አሳምሮ ነው የሚመጣው። ወረቀት የሚጎድለው ከገበያ ገመድ የገዛው የዋህ ነው። አሥር ፊርማ ባለበት ደግሞ ተጠያቂ አይገኝም፤ ዘጠነኛው ፈራሚ ስምንቱን አምኖ ይፈርማል፣ የመጀመሪያው ዘጠኙን ተማምኖ ይፈርማል። ሁሉም ፈርሟል፤ ማንም ግን አላየውም። አንድ ሰው ብቻ ቢፈርም አንብቦ ይፈርም ነበር።

ለመሆኑ ተመራማሪው ነፃ ጊዜ ቢያገኝ ምን ያደርግበታል? ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ምሳሌውም ከደጃችን ነው።

አቀንጭራን እዚህ ያለ አርሶ አደር ሁሉ ያውቃታል። አበባዋ ያማረ፣ ሥሯ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚመጥ፣ ዘሯ አፈር ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ተኝቶ የሚጠብቅ አረም ናት። ዘሯ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። የወሎንኮሚ ልጅ፣ የዓለማያ ኮሌጅ ምሩቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይህን የኬሚካል ምልክት ዓመታት ፈጅተው አጠኑ፤ ምልክቱን አሳንሰው የሚያወጡ ማሽላዎችን መርጠው አዳቀሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚያ ሥራ ከተገኙት ዘሮች ሁለቱ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን ሲለቀቁ ጎብዬና አብሽር ተባሉ። የጎብዬን ከተማ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ታልፏታላችሁ፤ አብሽር የሚለውን ስም ደግሞ ለወሎ ሰው መተርጎም አያስፈልግም። ከሲሪንቃም የወጣ፣ የዚሁ የሐብሩ ግራና ስም የተሰጠው ግራና አንድ የሚባል ማሽላ አለ። እነዚህ ሁሉ ማሳ ላይ በዋለ ሰው የተገኙ ናቸው፤ በየጊዜው በተዘራ፣ በየጊዜው በተቆጠረ፣ በየጊዜው በተመዘነ ሙከራ።

የዶክተር አክሊሉ ለማንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ነገሩ የታየው ወንዝ ዳር ቆመው ነው። ውጤቱ በዓለም መድረክ እንዲታመን ግን ዓመታት ፈጀ፤ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሥራ ነውና በሀብታም አገር ላቦራቶሪ፣ በእነሱ ደንብ እንደገና ይሠራ ተባለ። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ለሰው የሚሰጥ ነገር ደኅንነቱ ይመርመር፤ ይህን የሚቃወም ሳይንቲስት የለም። እኔ የምለው፣ ወንዝ ዳር የሚቆም ሰው ካጣን የሚመረመር ነገርም አይኖረንም ነው።

በእጃችን ጊዜ ያለ እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ ሰሜን ወሎ ላይ ሲያርፍ ጤፉም ማሽላውም ገና አልተሰበሰበም ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያና አካባቢዋ ያዩትን እናንተ አይታችኋል። ዩኒቨርሲቲውም፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ተዘረፉ፣ ወደሙ። የዓመታት የዘር ስብስብ፣ የዓመታት መዝገብ የነበረበት ቤት ነው። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ ለአሥር ዓመት የተመረጠ ዘር የሚተካው በሌላ አሥር ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕንፃ ተጠግኗል፣ ወንበር ተገዝቷል፣ ለጋሾችም ረድተዋል። መመሪያውስ? እንደ አገር መመሪያው ጦርነት እንዳልነበረ ሆኖ ቀጥሏል። ሁሉ ነገሩን ከዜሮ ከሚጀምር ተመራማሪ፣ ሁሉ ነገር ካለው የምንጠይቀውን ወረቀት መጠየቅ ግፍ ነው። ይህን ቃል አስቤበት ነው የተናገርኩት።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዱ ከእጃችን ውጭ ነው። የምርምር ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ እንዳይሞት፣ እስከ መኸሩ መጨረሻ እንዲሻገር የፋይናንስ ሕጉ መሻሻል አለበት፤ ይህ የአዲስ አበባ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በአንድ ድምፅ መጠየቅ ይችላሉ። በዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነትም ተስፋ የሚያደርጉ አሉ። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ሆኗል። ደግ ነው። ሆኖም ሥልጣኑ ከሚኒስቴር ወጥቶ ፕሬዚዳንት ቢሮ ላይ ከቆመ ለተመራማሪው የተለወጠው የሚጠናው ደጅ ብቻ ነው። ሥልጣኑ ማሳው አጠገብ እስካለው ጠረጴዛ ድረስ መውረድ አለበት።

ሕግ ሳይቀየር የሚሠራው ግን ብዙ ነው። የማዕቀፍ ግዥን ሕጉ ራሱ ያውቀዋል፤ ከረጢት፣ ገመድ፣ ማዳበሪያ፣ የናሙና ዕቃ በዓመቱ መጀመሪያ አንዴ ተወዳድሮ ዋጋው ከታሰረ፣ በየጊዜው ሦስት ፕሮፎርማ ማሯሯጥ ይቀራል። የግዥ ዕቅዳችን ከበጀት ካላንደር ጋር የዝናቡንም ካላንደር ይዞ ይውጣ፤ ለክረምት ሙከራ የሚያስፈልገው ሁሉ በመጋቢትና በሚያዝያ ተገዝቶ መጋዘን ይደር። ለትንንሽ ወጪ ዲኑ እዚያው በግቢው የሚፈርምበት ጣሪያ ይወሰን፤ ፊርማውም የመጨረሻ ይሁን። ደረሰኝ ለሌለው የገጠር ገበያ ወጪ የቀበሌ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ምስክርነት የሚበቃበት ግልጽ አሠራር ይጻፍ፤ ያኔ ሒሳብ ሠራተኛውም አይሰጋም። ኦዲተሮችም ሁሉን ወረቀት አስቀድሞ ከማስጠበቅ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ከአሥሩ አንዱን መርጠው ማሳው ድረስ ወርደው ይፈትሹ። ማሳ ላይ የቆመን ኦዲተር ማታለል ፋይል ከማሳመር ይከብዳል።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን አንድ ሰው ነው። በየምርምር ግቢው አንድ የሠለጠነ፣ ግዥውንም ሒሳቡንም ሪፖርቱንም የሚያውቅ፣ ሥራው ወረቀቱን ተሸክሞ ማለፍ የሆነ ሰው። ሐኪም ቤት ሐኪሙ ካርድ አያወጣም፤ ካርድ የሚያወጣ ባለሙያ አለ። እኛ ግን የዶክትሬት ዲግሪ ያለውን ሰው የመኪና ስምሪት ሲያስፈርም እናውለዋለን። ይህ ሰው ቢቀጠር ደመወዙ ከአንድ ከከሸፈ ሙከራ ያነሰ ነው።

አሁን ልቋጭ። የእኚያ አባት ነፍስ ይማር፤ አርፈዋል። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ጠራኝና ያችኑ ጥማድ ለሙከራ ልስጥ አለኝ። እንዴት ብሎ አመነን እያልኩ ሄጄ አየኋት። ሁለቴ ታርሳለች፤ ድንበሯ ተጸድቷል፤ ድንጋዩ ተለቅሟል። ዛሬ ግንቦት 16 ነው፤ ሰኔ 30 ሊሞላ 44 ቀን ቀርቶታል። ቅዳሜ ማለዳ እኔና ተማሪዎቼ መደቦቹን ልንለካ እንሄዳለን። ከግዥ፣ ከፋይናንስና ከንብረት ክፍል መምጣት የምትችሉ አብራችሁን ኑ፤ መኪና ባይገኝ በባጃጅ እንሄዳለን። ቡና የምታፈላልን የልጁ ባለቤት ናት፤ ስንት እንደምንሆን ቀድማ እንድታውቅ ፈልጋለችና ከዚህ ስትወጡ ስማችሁን ንገሩኝ።